ጠብ

ሽምብጥ ነው ቤቴ፤ ከሐይቁ ብዙም አይርቅ፣
ፍሪጅ እጠግናለሁ፤ ሌላ ሙያ አላውቅ።
ሞላልኝ ከጅቡቲ፣ ከተሳቢው ጋቢና፣
በበረዶ ሣጥን አንድ እንግዳ ያዘና፣
"እንካ፣ አንሙት" አለኝ፣ "ላንተ ነው ይኼ ጣጣ፤
ማቀዝቀዝ የሚያውቅ ሰው ማሞቅን መች ሊያጣ!"

ከፈትኩት። አምስት ክንድ፣ እንደ ሚጥሚጣ ቀይ፣
ራስ የለው፣ ደም የለው፣ በክንዱ ጫፍ የሚያይ።
"ባሕር ዳር" ሲሉት ጊዜ ባሕር መስሎት ይሆን?
ለኛ የጣመን ጣና ለሱ ሞት መሆኑን
ማን ነግሮት?

መስታወቱን ገዛሁ፣ ፓምፑን፣ መብራቱን፣
በጣሪያው ቆርቆሮ ብር። ባንችአምላክ ይህን
ስትሰማ ዝም አለች። ዝም ማለቷን
ከጩኸት አብልጬ ፈራሁት።

የባሕሩን ጨው ከከረጢት በባልዲ በጠበጥኩ፣
ለካሁ፣ ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ እስኪያድር ጠበቅኩ።
እንግዳው ውሃ በአንዴ አይቀየርለትም፤
ከደነገጠ ክንዱ ይረግፋል፣ አይቆይም።
በጉሉኮስ ቱቦ፣ እንደ ታማሚ ሰው፣
ጠብ፣ ጠብ እያደረግሁ ውሃውን ሳለምደው
አምስት ሰዓት ሄደ።

ሐምሌ ነው፤ ከላይ ጣሪያው ጠብ ይላል፣
ከታች ቱቦው ጠብ ይላል፤
"ቤታችሁ ጠብ አለ እንዴ?" ጎረቤት ይጠይቃል።
አለ።
ሦስት ዓይነት አለ።
ሦስተኛው ድምፅ የለውም።

ዓሣ አስጋሪው አላምረው አጎንብሶ አየው፤
"ይበላል?" "አይበላም።" "ይናከሳል?" "ምን በወጣው!"
"ይዋኛል?" "ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ፣ በመቶ እግሩ።"
"ታዲያ ምን ይሠራል?" አለ፤ ቢያጣው ነገሩ
አንድ ቆሮሶ ጥሎልኝ ወጣ፣ እየሳቀ ወደ በሩ።

ማታ ቆራርጬ ሰጠሁት። ያን ጊዜ ነው ጉዱ፤
አፉ ከሥሩ ነው፤ በአፉ ወጣ ሆዱ፣
ሥጋውን በውጭ አቅፎ ቀስ በቀስ አቀለጠ፣
በላና መልሶ ሆዱን ወደ ውስጥ አስቀመጠ።
ባንችአምላክ ቆማ አየች።
"ይኼስ" አለች፣ "ሆዱን ያወጣል።"
ከሰኔ ወዲህ ካወራችኝ ሁሉ
ረጅሙ ይኸው ነበር።

ነሐሴ ላይ ዱርቤቴ ሄድኩ፣ የወተት ፍሪጅ ተበላሽቶ፤
ጎርፍ መንገድ ቆርጦ፣ መብራት ከነአገሩ ጠፍቶ፣
ሁለት ሌሊት አደርኩ። ኔትወርክ የለ።
በሐሳቤ ፓምፑ ቆሟል፤ የጣሪያው ጠብታ
ገንዳው ውስጥ ይወርዳል፣ ቀን ከማታ።
"ይኼን ጊዜ ሞቷል" አልኩ፤ ከሱ ሞት ይልቅ ግን
የፈራሁት "ይበልህ!" የሚለውን ዓይኗን።

በሦስተኛው ቀን ጧት ደረስኩ፤ በሩ ገርበብ ብሏል።
የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ከገንዳው በላይ
በሁለት ጣውላ ተሰቅሏል፤
ከጣሪያው የሚወርደው እሱ ውስጥ ጠብ ይላል።
ባንችአምላክ ዱካ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤
ክንዷ እስከ ክርኗ ርሷል፣ ማማሰያው ከውሃው፣
በእንቅልፏም እጇ ይዞ ቀስ እያለ ሲያማስለው።

አራት ክንድ። በመስታወቱ፣ ከመዳፏ ትይዩ፣
ተለጥፏል።

ነቃች። "አንዱን አላተረፍኩትም" አለች።
"ይበቅላል።"
"መቼ?"
"ቀስ ብሎ።"
"ሌሊት እንደ ወጥ ቀመስኩት" አለች፣
"አልጫ ሲሆንበት ከከረጢትህ
በቁንጥር፣ በቁንጥር ጨመርኩለት።
ጨዉ እስካሁን ከአፌ አልወጣ።"

ሱሪዬ ጭቃ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ አጠገቧ።
"ስለ ቆርቆሮው ብር..." አልኩ።
ሳፋው ሞልቶ ነበር።
ተነሥታ አወረደችው፣ ደጅ ወጥታ ደፋችው፣
መልሳ በቦታው አኖረችው፣
ዱካዋን ወደ እኔ አዞረች።
"በል ንገረኝ" አለች።

ባዶው ሳፋ ውስጥ
ጠብ አለ።