ኬላ

ደብረ ብርሃን ማለዳ፣ የራጅ ክፍል ጨለማ፣
ብርዱ በመስኮት ስንጥቅ ሲያንሾካሹክ ይሰማ፤
ጋቢውን አስወልቄ አቆምኩት ከብረቱ፣
ሸዋቀና ይባላል፣ ሾፌር ነው የጥንቱ።
ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል፣ ገብስ ጭኖ ሲወርድ፣
ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ይዞ ሲወጣ በብርድ።
አሁን ግን ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ ጨምሯል፣
የሚበላው ሳይጠፋ መውረጃው ቸግሯል።

«እህሉ» አለኝ፣ ጣቱን ደረቱ ላይ ተክሎ፣
«እዚህች ጋ ይቆማል፣ መንገድ ዘግቶ ውሎ።
ሌሊት ይመለሳል፣ ትራሴ ላይ አገኘዋለሁ፣
አልመረረ፣ አልኮመጠጠ፣ እንደ ዋጥኩት አየዋለሁ።»

አንድ ኩባያ ነጭ በእጁ አስጨበጥኩት፣
ኖራ የመሰለውን «ጎንጨው» ብዬ አዘዝኩት።
«ይሄ ቤት መቀቢያ ነው?» ብሎኝ ፈገግ አለ።
«አፍህ ውስጥ ያዘው። አሁን፣ ዋጥ!»

ዋጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የማየውን ልንገርህ፣
በቀን ስንትና ስንቴ ሳታውቅ የሚሠራልህ፦
ምላስ ጉርሻውን ጠቅልሎ ወደ ኋላ ይገፋል፣
ማንቁርት ብድግ ይላል፣ ክዳኑም ይደፋል፣
ትንፋሽ፣ ጠባብ መንገድ ላይ እንዳለ ጨዋ ሾፌር፣ ጥግ ይዞ ያሳልፋል።
ከዚያ ወዲያ ፈቃድህ የለበትም እጅ፣
እስከ ምላስህ ነው ያንተ የማዘዝ ደጅ።
ጡንቻው በየቀለበቱ ከኋላ እየጨበጠ፣
ከፊት እየለቀቀ፣ ጉርሻው ቁልቁል አመለጠ።
ቁልቁለቱ እንዳይመስልህ፤ ሰው ተዘቅዝቆ ቢጎርስ፣
ያ ማዕበል ይሸከመዋል ጨጓራው እስኪደርስ።
ስምንት ሰከንድ፣ ቢበዛ አሥር። ከዚያ ኬላው፣
የጨጓራው ደጃፍ፣ ማንም ሳያንኳኳው፣
ማዕበሉ ሲመጣ ገመዱን ይለቃል፣
ጉርሻው እንዳለፈ መልሶ ያጠብቃል።

የሸዋቀና ግን።
ነጩ ወረደ፣ ወረደ፣ የደረቱ ግርጌ ደረሰ፣
ቆመ።
ኬላው ጋ ተከማቸ፣ ቧንቧው እንደ ስልቻ አበጠ፣
ጫፉ ላይ እንደ ወፍ ምንቃር ቀጥኖ ተቆረጠ።
ከላይ ማዕበል የለ፣ ከታች መፍታት የለ፣
አንዲት ጠብታ ሾለከች፣ ሌላው እዚያው ዋለ።

መብራት አብርቼ ምስሉን አሳየሁት።
የተገለበጠ መኪና እንደሚያይ ሰው ዝም ብሎ አየው።
«ይሄማ ጣርማበር ነው! ዋሻው አፍ ላይ የቆመ ሰልፍ፣
ኬላ ጠባቂውን ገመዱን እንደያዘ እንቅልፍ
ወስዶታል።»
«አልተሳሳትክም» አልኩት፣ «መያዝ አላቃተው፣
መልቀቅ ነው የረሳው፤ ነርቩ ነው የሞተው።»
«መልቀቅ ነው የረሳው?» ሳቀ፤ ሳቁም ደረቱ ጋ ቀረ።
«አባቴም እንዲህ ነበር። የጎተራ ቁልፍ ታቅፎ ተቀበረ።»

«ታች ያለው ጨጓራስ?» «እሱማ ይጠብቃል፣
በደቂቃ ሦስቴ ወፍጮውን ይነቀንቃል።
ቢደርሰው በኮምጣጣው ያሸዋል፣ ያልማል፣
ለአንጀት በማንኪያ በማንኪያ ይቆነጥራል፣
ሐሞትና ቆሽትም ደጁ ላይ ይቀበሉታል።
ያንተ ግን ባዶ ወፍጮ ነው፣ እህሉ ደጅ የቀረበት።»

ሐኪሙ ላከው አዲስ አበባ።
«ፊኛ ይነፉበታል በሩ ውስጥ ሲገባ፣
ገመዱ ይላላል።» «ጠባቂውስ?» «አይነቃም።
እሱ አይነቃም። በሩ ግን እንዳሁኑ አይጠብቅም።»

ያን ማታ ቅንጬዬን ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ፣
አንዲት ማንኪያ ጎረስኩ፣ ዋጥኩ፣ አዳመጥኩ፤
ምንም አልተሰማኝም። ይሄው ነው ጸጋው፣
ደሞዝ ያልቆረጥኩለት፣ ሳልለምነው የሚከፍት ዘበኛው።

ሚያዝያ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሞተር፣ ንፋስ፣ ጥሩምባ።
«ደብረ ሲና ላይ ቆሜ በሶ በጠበጥኩ» አለ፣
ትንፋሹን ሰበሰበ፣
«ወረደ።»
«የቱ? ጭነቱ?» አልኩት።
ሊመልስልኝ ሲል
ዋሻው ዋጠው።