መረሬ

ሦስት ዓመት ሙሉ በሰሌዳው ላይ፣
ጥቁሩን አፈር በነጭ ጠመኔ ስንሥል፣ ስናይ፣
ቀመሩን ሸምድደን «ኤ» ስንለቅም፣
ከጥፍራችን ሥር ጭቃ ገብቶ አያውቅም።

ዛሬ መምህርት ስንዱ ቦቲዋን አጥልቃ፣
ከቂሊንጦ ግቢ፣ ከአጥሩ ጀርባ፣ ነዳችን በጭቃ።
«ዝገኑ» አለችን።
«በመዳፍ አሹት፣ ክር እስኪሆን ድረስ፣
ልብ በሉ፣ ስንት ሚሊ ላይ እንደሚበጠስ።»

የኔ ክር ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ አልተላቀቀ።
ዘበኛው ደበሌ አጥሩን ተደግፎ ሳቀ፤
«ኮዬ ላይ ቤቴን እሱ ነው የሰነጠቀ።
ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸሻል።
እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?»

ረጅም ስም ነገርነው።
«እኛ'ኮ» አለ፣ «ሌባ ነው የምንለው።»

ማግስቱን ፈተና ነበር። ወረቀቴን ሰጠሁ፤
ጠርዙ ላይ በአውራ ጣቴ፣ በጥቁር ጭቃ፣ ፈርሜ ተገኘሁ።