አጎበር

የሐይቁን ትንኝ ፈርቼ፣
አጎበሬን ዘርግቼ፣
ጫፉን ከፍራሽ ሥር ሸጉጬ፣ እተኛለሁ ተመቻችቼ።

ጠዋት ታቦር ግርጌ፣ ከኅትመት ቤቴ ስገባ፣
የመጣውን ፍላሽ ሁሉ፣ ከየት ነህ ሳልለው፣ ይግባ።
ፀረ-ቫይረሱ "አድሺኝ" ይላል፤ "ነገ" የሚለውን እጫናለሁ፤
ነገ ሁለት ዓመት ሞላው፣ ዛሬም "ነገ" እላለሁ።

ሌዳሞ መጣ ረፋድ ላይ፣ ላቡ ባንገቱ እየወረደ፤
ፋይሎቹ አቋራጭ ሆነዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ወዴት እንደሄደ
አላወቀም።
"ከማን ያዘው ይሆን?" አለኝ። ትናንት እኔው ነኝ የሰካሁ፤
ዝም አልኩ።
ከሱስ ወዲህ ስንቱን ነካሁ?

አልጋዬ ላይ አጎበር ስሰቅል፣ ጆሮዬ ሥር ጥዝ ስትል ሳባርር፣
ለካስ ትንኟ እኔው ነኝ፣
ከሰው ሰው የምበርር።