ውሌ ላይ ያልሰፈረው

ውሌ ላይ የሰፈረው አንድ ቃል ነው፦ «አስተርጓሚ»።
ያልሰፈረው ይበዛል፦ ሾፌር፣ ሩዝ ቀቃይ፣ አስታማሚ፣
ትከሻው ሲያብጥ በረዶ ያዥ፣ ፀጉር ቤት ወሳጅ፣
ከባንክ፣ ከቤት አከራይ፣ ከጥርስ ሐኪም አማላጅ።

ማያው ይባላል ልጁ። ከታይዋን ምሥራቅ ዳርቻ፣
ተራራና ውቅያኖስ ተፋጠው፣ መሐል አንድ መንገድ ብቻ።
በእናቱ በአሚስ ቋንቋ፣ ስሙ የኮከብ ስም ነው፣
ጨረቃን አጅቦ የሚያድር፣ ዓይኑን ከሷ የማይነቅለው።
እዚህ ደ ሞይን ግን፣ ድምፅ ማጉያው «ማዮ» ሲለው፣
ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ማዮኔዝ እየመሰለው።
«ምን አሉ?» ይለኛል።
«ወደዱህ» እላለሁ።
እዚህ ላይ መዋሸት ጀመርኩ፤ አልደብቅም፣ አምናለሁ።

በሰባተኛው ዙር፣ በሐምሌ ወበቅ፣ ኳሷ እምቢ ስትለው፣
አሰልጣኝ ሃስኬል ከጥላው ወጣ፤ እኔም ዱብ ዱብ ከኋላው።
ወርዋሪው የቆመባት ጉብታ ላይ ሠላሳ ሰከንድ ነው ሕጉ፤
ሃያ አምስቱን ተራገመበት፤ የአንገቱ ሥሮች እስኪያብጡ።
ያስፈረመውን ሰው ሰደበ፣ ያሳፈረውን አውሮፕላን፣
የሰማዩን ሙቀት፣ የዳኛውን ዓይን።
ለእኔ አምስት ሰከንድ ተረፈችኝ።
«ዝቅ አድርገህ ወርውር» አልኩት፤ «ደሞ እተማመንበታለሁ ብሏል»።
ሰም አቅልጦ ወርቅ የሚያወጣ፣ አንጥረኛ ይባላል፤
ስድብ አቅልጦ ምክር ለሚያፈስስ
ምን ስም ይወጣለታል?

ተቀባዩ ኤራስሞ ነው፤ የዶሚኒካን ልጅ፣ ጉልበቱ የተላጠ፣
እንግሊዝኛው እንደ ማያው፣ ከአራት ቃል ያልበለጠ።
በአውቶቡሱ ኋላ ወንበር፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቁ፣
በቆሎው በመስኮት ሲያልፍ፣ ማሳው አላልቅ ሲል፣ ሳይሰለቹ ሲሳሳቁ፣
አንዲት ቋንቋ አበጁ፤ ግማሿ ከዚያ፣ ግማሿ ከዚህ፣
የቀረው በጣት።
አንድ ምሽት ሮጬ ጉብታው ላይ ስደርስ፣
አፋቸውን በጓንት ከልለው ይስቃሉ።
«ምንድን ነው?» አልኩት።
«ምንም» አለኝ፤ «ስለ አየሩ ነው»።
ያን ቀን ተተረጎመልኝ።

ደስ አላለኝም አልልም፤
የታመመ ጥርስ ሲነቀል ያለው ዓይነት ደስታ፤
ምላስ ግን ክፍተቱን ሲዳስስ ያመሻል።

ነሐሴ ሲጋመስ ሃስኬል ቢሮው ጠራን። ቆቡን አወለቀ።
«ነገ ቺካጎ ነው። ትልቁ ቡድን ፈልጎታል» አለ፤ ድምፁ ታነቀ።
ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ያ ዜና በእኔ አፍ ብቻ ነበረ፤
አባቱ ጀልባው ላይ መረብ ይጎትታል፣ አልሰማም፤
እናቱ ታንኳዋን ትጠርጋለች፣ አልሰማችም፤
እሱ እፊቴ ቆሞ ከንፈሬን ያያል።
ዋጥኩት፣ አጣጣምኩት፣
ከዚያ ሰጠሁት።
ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እጁን፣ ያን የወረወረበትን፣
እንደ ሰው እጅ አገላብጦ አየው።

ሃስኬል ቆቡን እያሻሸ ጨመረ፦
«አንተ ግን እዚሁ ነህ፤
እላይ የራሳቸው አስተርጓሚ አላቸው።»

ይችን ብዘላት ማን ያውቅብኝ ነበር?
በሁለት ዓመት ስንቱን ዘልዬ፣ ስንቱን ሸምኜ አልነበር?
ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ቃል በቃል፣ ነገርኩት።

«ተሳስተህ እንዳይሆን» አለኝ፤
«እስቲ ደግመህ ጠይቀው።»
ጠየቅሁት።
ያው ነው።