ግልባጭ

ከፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከኒሟ ዛፍ ጥላ፣
ጋሽ እንግዳወርቅ የሰው ሁሉ በደል በሉክ እየሞላ፣
እኔ ከፊት ለፊት፣ ለውዜን በጋዜጣ ጠቅልዬ ስሸጥ፣
ሰባት ዓመት አየሁ፣ እጁን፣ እጁን ብቻ፣ በመስመር ሲያሮጥ።

ያየሁት ግን ከማዶ ነው።
እሱ ጋ ሀ የሆነው እኔ ጋ በ ነበር፤
ንጉሡ ሠ እንኳን፣ ለኔ ለለውዝ ሻጯ፣
በአናቱ ተተክሎ ጠ ሆኖ ነው የሚያድር።

ሲመሽ ደቻቱ ወርጄ ደረቁ አሸዋ ላይ በጣቴ ጻፍኩት፤
ፍየል ረገጠችው፣ ባጃጅ ሄደበት፣ በማግስቱ ደገምኩት።
ረን የግመል አንገት፣ መን መነጽር አልኳት።
ድምፅ አልነበራቸውም። ድምፃቸው የመጣው ቆይቶ ነው፣
ጋሽ እንግዳ ለባለጉዳዩ ጮክ ብሎ ሲያነብለት።

የገበያ አማርኛዬ «ውሰድ» እና «ጨምር» ነበር፤
ጣቴ ግን አፉን የፈታው
በ«ከሳሽ»፣ በ«ይግባኝ»፣ በ«ስለሆነም» ነው።

አንድ ቀን ዝናብ መጣና ጃንጥላው ስር ገባሁ፣ ከጎኑ።
ወረቀቱን አየሁት፤ ወላሂ፣ አንድም የማውቀው የለም፣
ፊደል ሁሉ ፊቱን ያዞረብኝ መሰለ።
ከእጁ ወሰድኩት። ዘቀዘቅኩት።
እስከ «አመልካች» ድረስ አነበብኩለት፣
እሱም ብዕሩን ጣለ።

«አቦ ዳሃቦ! ማነው ያስተማረሽ?»
«እጅህ ነዋ።»
«ስምሽስ በየትኛው ይጻፍ? በሃሌታው ሀ? በሐመሩ? በብዙኃኑ?»
እኔ ምን አውቃለሁ። እናቴ ስትጠራኝ በትንፋሽ ነው፣
ሃ… ብላ፣ መስተዋት እንደሚወለውል ሰው።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ አዳማ ለምትማረው ልጄ ነበር፦

    ለ፦ ሂባቅ
          አዳማ
    ጉዳዩ፦ ናፍቆትን ይመለከታል
    ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው
    አልጋሽ ከመስከረም ጀምሮ ባዶ ነው።
    ድመቷ ተኝታበት ሁለት ጊዜ አባርሬአታለሁ።
    ስለሆነም በአንዱ እሑድ ብቅ እንድትዪልኝ
    በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።
    ግልባጭ፦
          ለጋሽ እንግዳወርቅ

መልሷ በሳምንቱ መጣ፤
በላቲን ፊደል፣ በገዛ ቋንቋዬ፣ በሶማሊኛ።
ለእናቷ ብላ፣ ደስ እንዲለኝ።

ፊት ለፊት ያዝኩት። አልናገር አለ።
ዘቀዘቅኩት።
እንዲህም እምቢ አለ።