ዘጠና አምስት ቀን

ኅዳር አሥራ ሁለት። ጭጋጉ ሲገለጥ፣ ጧት አንድ ሰዓት ላይ፣
እንቁላሉ ሁለት ነው፣ ከሐረጎ ገደል በመነጽር ሲታይ።
ነፋስ ያልበተነው፣ ሰው ያልቀረበው፣
ጭራሮ በጭራሮ፣ ዓመት በዓመት ላይ የተደረበው
ያ አሮጌ ጎጆ ዘንድሮም ጌታ አለው።

እንስቷ ጥቁር ናት፣ ትናንት እንደ ፈሰሰ የኮምቦልቻ መንገድ ሬንጅ፤
ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር፣ ሁለት ክንድ ያለው፣ ወደ ታች የሚገናኝ።
መድረሳ የቀራው ሙሄ አሻግሮ አይቶ፣
«ሰባት ቁጥር» አለኝ፣ በዐረብኛ አንብቦ፣ በጣቱ አየር ላይ ጽፎ አሳይቶ።
ስሟም ሰባት ሆነ።

ሠላሳ አንድ ዓመት መብራት ኃይል ሠራሁ፤ ፖል ላይ ነው ያረጀሁ።
ሽቦ ያነደዳቸውን አሞሮች በእጄ እያወረድሁ፣
በክንፋቸው ይዤ ወደ ቦይ ወረወርሁ።
ስንት ነበሩ? እንጃ።
ለተቋረጠው መብራት ቅጽ ሞልቻለሁ፤ ለእነሱ አልሞላሁ።
ጡረታ ወጥቼ ነው ይህን ደብተር የገዛሁ፣
ያልቆጠርሁት ቁጥር እንቅልፍ ቢነሳኝ።

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት። አንዱ ተፈለፈለ፤
ራሱ ከብዶት አንገቱ ዘነበለ።
ከገደሉ ሥር ካባ አለ፤ አለቃው ጌጡ ነው።
ደማሚቱ ሲጮህ ጭራሮው ይረግፋል፤ እሷ ትነሳለች፤ ጫጩቱን ብርድ መታው።
ወርጄ ለመንሁት፦ «ዘጠና አምስት ቀን»።
«ለአሞራ ብዬ ነው ሥራ የማቆም? ሠራተኛው ምን ይብላ?»
«ጌጡ፣ ሚስትህ አራስ ሳለች፣ ከደጅህ ቆሞ ድንጋይ የሚያፈነዳ
ቢመጣ፣ ምን ትለዋለህ?»
ሲጋራውን ረገጠ። ሽቅብ አየ። መልስ አልሰጠኝም።
በማግስቱ መሰርሰሪያው ከጀርባ በኩል፣ ከኩርባው ወዲያ ተተክሎ አገኘሁት።
(የካቲት ላይ አንዴ ፈነዳ። «ረስተው ነው» አለኝ። አላመንሁትም።)

ወይዘሮ ዙሪያሽ ደግሞ መርዝ የነካው ሥጋ ጣራዋ ላይ አኑራለች።
«ዶሮሽን የበላ ጭልፊት ነው፤ ይቺ ሽኮኮ ነው የምትበላው» ብላት፣
«ለዶሮዬ ምን ለውጥ አላት?» አለችኝ።
እውነቷን ነው። ሽቦ ገዛሁላት፤ ቆጧን ከደንሁላት፤
ሥጋውን በእጇ ቀበረች።

ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ወጣ። ታላቁ ቀና ብሎ አየው፤
አናቱ ላይ ወረደበት፤ ወጋው፤ ደግሞ ወጋው።
ሰባት ከአጠገባቸው ቆማ ሥጋ ትተለትላለች፤
ታያለች። አትገላግልም። ላባዋን ታበጥራለች።
«ገመድ አለህ፣ ቀበቶ አለህ፣ አባባ፣ ውረድና አውጣው!»
የሙሄ ድምፅ ተሰበረ። እኔ ግን መነጽሬን ያዝሁ።
ከደማሚት እጠብቃለሁ፤ ከወንድም አልጠብቅም፤
ዘራቸው እንዲህ ነው፤ ሁለት ይፈለፈላል፣ ሁለት አይበርም።
ቃየል አልሁት እኔ፤ ቃቢል አለው ሙሄ፤
ስሙ ነው የተለየው፤ ሬሳው አንድ ነው።
ያንን ጥቅምት አሰብነው፣ እሱም እኔም፣ ቦርከናን ቁልቁል እያየን።
ስለሱ ግን አላወራን።

ሚያዝያ አንድ። ጭጋግ። ከጭጋጉ በስተኋላ ጎጆው ባዶ ነው።
መብረሩን አላየሁ፤ መውደቁን አላየሁ። ያን ሁሉ ቀን ጠብቄ!
እየተንሸራተትሁ ወደ ሥሩ ወረድሁ፤
የሽኮኮ መንጋጋ፣ ነጭ ኩስ፣ አንድ ረጅም ላባ። ሬሳ ግን የለም።
ካባው ጭጭ ብሏል። በሥራ ቀን፣ በሦስት ሰዓት።
ሠራተኞቹ መዶሻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤
መሰርሰሪያው ጫፍ ላይ፣ ክንፉን መሰብሰብ ያልለመደ፣
ቡናማ፣ ግራ የገባው፣ አንድ ልጅ ንስር።
ጌጡ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ፤
«ቀስ በል» አለ በሹክሹክታ፣ «እንዳታስደነግጥብኝ።»

ደብተሬን ገለጥሁ። ቀን፦ ዘጠና አምስት።
ብዛት፦
አንድ።