አርባ ቀሰም

ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ በር ፊት፣ ጦይባ ምግብ ቤት ልትከፍት፣
ጆንያ ይዛ መጣች፤ አርባ ባዶ ቀሰም ያለበት።
«ሃያ ዓመት የፈተልሁበት ነው፤ መብራት አድርግልኝ፤
ግድግዳው ላይ ግን አታብራ፤ ስንጥቁን ሸሽግልኝ።»

ቀሰሙን በስቼ፣ ሽቦ አሾለክሁ በፈትል ፈንታ፤
አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ፣ ስሰቅል ሳወርድ ሦስት ማታ።
አምፖሉም ቢጫ ይሁን አልሁ፤ ነጩማ ክሊኒክ ይመስላል፤
ቢጫው ወጥ ላይ ሲያርፍ፣ ሽታው ራሱ ይታያል።

የማታ ፈረቃ ሲለቀቅ፣ አንዲት ልጅ ገብታ ቀና አለች፤
«ሰባት ቁጥር! የኔ ማሽን!» ብላ ከሥሩ ተቀመጠች።
ጦይባ ዝም።
የሻይዋን ሂሳብ ግን ሳትቀበል ሸኘች።

ስንጥቁን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤
እሱም መሰላል ላይ ሳለሁ።